ለጋኔኑ የመጣ ፈቃድ

ጣሊያኖች ፈረንሳዩን የካቶሊክ አባ ከወልቂጤ ሲያስወጧቸው አባ ሦስት ነገር ትተው ሄዱ፤ አንዲት ትንሽ ደወል፣ የጸሎት ቤቱን ቁልፍና መምህር ያረጋልን። ደወሏ ብዙም ሳትቆይ ተሰነጠቀች። ቁልፉም ዛገ። መምህር ያረጋል ብቻ ከቀን ወደ ቀን እያበበ ሄደ።

አባ በነበሩ ጊዜ ሥራው ልጆችን ትምህርተ ክርስቶስ ማስጠናትና የአባን በቅሎ ውሃ ማጠጣት ነበር። በቅሎዋንም ጣሊያኖች ስለወሰዷት ብዙ ጊዜ ተረፈው፤ የተረፈውን ጊዜ በሙሉ አባን ለመሆን አዋለው። እንደሳቸው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መሄድ ጀመረ። እንደሳቸው ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል። ቅስና እንደሌለው ያውቃል፤ ቢሆንም እሑድ እሑድ ምእመናኑን ሰብስቦ ጸሎት ሲያደርስ፣ መጨረሻው ላይ ቀኝ እጁ ለቡራኬ ወደ ላይ ሽቅብ ይልና፣ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ነገሩ ትዝ ብሎት ጆሮውን አክኮ ይመለሳል። ይህን የምታየው ሚስቱ አሰፋሽ ብቻ ነበረች። አሰፋሽ ብዙ ታያለች፤ የምትናገረው ግን ጥቂት ነው።

እሷ የቸሃ ልጅ ናት፤ ያረጋል ከጎጃም የመጣ ነው። አባቷ ሲሞት ታናሽ ወንድሟ አዳነ ከቸሃ ወጥቶ እነሱ ዘንድ ገባ። ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ ዝግ የሆነ ወጣት ነው። መምህር ያረጋል በደስታ ተቀበለው፤ ለአዲሱ ጸሎት ቤት መሠረት የሚቆፍር ሰው ይፈልግ ነበርና።

"ለነፍስህ ነው የምትሠራው" አለው።

ለነፍሱ የሚሠራ ሰው ደግሞ ደመወዝ አይጠይቅም። አዳነ ከጧት እስከ ማታ ለነፍሱ ቆፈረ።

በቸሃ እንሰቱ በየጓሮው፣ ቆጮው በየጉድጓዱ ሞልቶ፣ ሰው ፊት እስኪጠግቡ መብላት ነውር ነው። ጨዋ ሰው የቀረበለትን ጫፉን ቆርሶ፣ ጎመኑን ነካ አድርጎ "ጠገብኩ" ይላል። የቀረውን ቤቱ ገብቶ፣ ማንም ሳያየው ይበላል። አዳነ ግን የሚገባበት የራሱ ቤት አልነበረውም። በእህቱ ባል ቤት ጧትም ማታም እንግዳ ነው። ስለዚህ ጧትም ማታም ጫፉን ቆርሶ "ጠገብኩ" ይላል። ያረጋል ባደገበት አገር እንግዳ "ጠገብኩ" ቢል "በሞቴ" ተብሎ ይለመናል። ይህን አልረሳውም። ግን አንዳንድ የአገር ልማድ ሳይለምዱት ይመቻል።

"ተመስገን፣ ቁጥብ ልጅ ነው" ይልና ጣባውን ወደ ራሱ ይስበዋል።

አሰፋሽም ዝም ትላለች። ወንድሟን "ብላ" ብላ ብትለምነው፣ በባሌ ቤት ወንድሜ ተርቧል ማለት ይሆንባታል። አዳነ ያፍራል፤ እሷም ታፍራለች። በዚያ ቤት የማያፍረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሁልጊዜ ጠግቦ ይነሣል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ያችም ጫፍ አነሰች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አዳነ ዶማውን እንደጨበጠ ከቆፈረው መሠረት ውስጥ ወደቀ። ሰዎች ሲያወጡት ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኑ ይገለበጣል። ወዲያው የራሱ ባልሆነ ወፍራም ድምፅ "አምጡ፣ አምጡልኝ" ይል ጀመር።

ቸሃ ቢሆን ኖሮ ይህን የማያውቅ የለም። "አውሬ ያዘው" ይላሉ። ዘመድ ይሰበሰባል፤ በሽተኛውን ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ ጋቢ ያለብሱታል፤ ያደረበትንም "ምን ትፈልጋለህ?" ብለው ይጠይቁታል። ከዚያ ቅቤ የጠጣ ቆጮ በጋቢው ሥር ያስገቡለታል። በጋቢው ውስጥ የሚበላው አውሬው እንጂ ሰውየው አይደለም፤ ስለዚህ ማንም አያፍርም። አውሬው የበቃው ጊዜ ራሱ "ጠገብኩ" ብሎ ይሄዳል። አሰፋሽ ይህን በልጅነቷ አይታለች። ከተጠመቀች ወዲህ ግን የአረማውያን ሥራ ነው ተብላ ስለተማረች ማሰቡንም ፈራችው።

መምህር ያረጋል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣ። አዳነን ቁልቁል አየው። ጉሮሮውን ጠረገ። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው ነገር በራሱ ደጃፍ ወድቆለታል።

"ጋኔን ነው" አለ።

"ፀሐዩ ይሆን እንዴ?" አለች አሰፋሽ ቀስ ብላ። "ከትናንት ጀምሮ እኮ እህል..."

"ፀሐይ 'አምጡ' ይላል?"

ፈረንሳዩ አባ በአንዲት የታመመች ሴት ላይ በላቲን ሲጸልዩ አንድ ጊዜ ቆሞ ሰምቷቸዋል። ላቲን አያውቅም፤ ዜማው ግን አልጠፋውም። መስቀሉን ከፍ አደረገና ያን ዜማ አወረደው። ቃሉ የጠፋው ቦታ ላይ በጅማ መንገድ ሥራ ካፖ የሚሉት ጣሊያናዊ አሠሪ ድንጋይ ተሸካሚዎቹን የሚሰድብባቸውን ቃላት እያስገባ ሞላው። ከጎኑ የቆሙት ምእመናን በየመሃሉ አሜን አሉ።

"ስምህን ተናገር" አለ ያረጋል በአማርኛ።

"አምጡ" አለ አዳነ።

"ከየት መጣህ?"

"አምጡልኝ።"

"ይለምናል" አለ ያረጋል ወደ ሰዎቹ ዞሮ። "ጋኔን የለመነውን አይሰጡትም። የዚህ ዓይነቱ መድኃኒት ጾም ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ ውሃ ብቻ ይቀምሳል።"

"የሚጾመው የሚጸልየው ነው ወይስ የተያዘው?" አለች አሰፋሽ።

"የተያዘው ነዋ። ጋኔኑን እኮ ነው የምናስርበው።"

"ገባኝ" አለች። ብዙ ነገር ገብቷት ነበር።

ከድሮ የሚባለው ጎረቤታቸው ከቡታጅራ መጥቶ ወልቂጤ ላይ ቆዳ የሚነግድ ሰው ነው። ሰው ሲታመም ሳይጠይቅ አያድርም። በማግሥቱ ጧት በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ መምህር። እንዴት አደረ?"

"ደክሟል። የላቲኑ ጸሎት ሰብሮታል።"

"ማንን?"

"ጋኔኑን ነዋ።"

"እኔ የጠየቅሁህ ልጁን ነው።"

"ልጁን ካስለቀቅነው በኋላ እንጠይቀዋለን" አለ ያረጋል። "ለመሆኑ እናንተ ዘንድ ማን ነው ጋኔን የሚያስወጣው?"

"ቁርኣን የሚያውቅ ሁሉ ይቀራበታል። ሽማግሌም ይሁን፣ ሴትም ትሁን። አባቴ ላይ ሃሊማ እህቴ ነበረች የምትቀራው።"

"ለዚያ ነዋ የማይወጣላችሁ። ሥልጣን የለበትማ።"

"እውነትህን ነው፣ ሁልጊዜ አይወጣም" አለ ከድሮ። "እኛ ግን እስኪወጣ ድረስ ሾርባ እናጠጣዋለን።"

ያረጋል ሳቀ። ይህን ለእሑድ ስብከቱ ያዘው።

ወሬው ቸሃ ደርሶ ኖሮ የአሰፋሽ አክስት አዛለች በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ታቅፋ ከች አለች። ያረጋል በሩ ላይ ተቀበላት።

"ምን ይዘው መጡ፣ እትዬ?"

"ቅቤ ነው፣ ልጄ።"

"በጾም? ማን ሊበላው?"

"እሱን ብንጠይቀው ይነግረን ነበር።"

"ጋኔን መጠየቅ ጣዖት ማምለክ ነው" አለ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። ድምፁን ዝቅ ያደረገው ለትሕትና አልነበረም። "አንቺ፣ ስሚኝ። ይህን የአገርሽን ነገር በዚህ ቤት ብታደርጊው ለፋሲካ ቁርባን የለሽም። ቤትም የለሽም። ከነጋኔኑ ይዘሽው ቸሃ ትገቢያለሽ።"

አሰፋሽ ወንድሟን አየችው። መደቡ ላይ ተኝቷል፤ የጉንጮቹ አጥንት ወጥቷል። ከዚያ ባሏን አየችው። ጉንጮቹ ደህና ነበሩ።

"እሺ" አለች። አክስቷን ከደጅ ለመመለስ አፍራ ከማጀት በስተጀርባ አሳደረቻት፤ ቅቤውም አብሮ አደረ።

አዳነ አልተሻለውም። መንቀጥቀጡ ቀነሰ፤ ያረጋል ይህን ድል ብሎ ቆጠረው። አሰፋሽ ግን የሚንቀጠቀጥበት ጉልበት እያለቀ መሆኑን አየች። "አምጡ" የሚለው ድምፅም ከንፈር ላይ ብቻ ቀረ። በዚህ ዓይነት ፋሲካን እንደማያይ ገባት።

እሑድ ዕለት ምእመናኑ ሊጠይቁት መጥተው መደቡን ከብበው ተቀመጡ። ከመካከላቸው ትልቁ አቶ አለሙ ነው፤ ከሁሉ በፊት የተጠመቀ በመሆኑ ካቶሊክነትን እንደ ርስት የሚቆጥር ሰው።

"አንድ ነገር ከነከነኝ፣ መምህር" አለ አለሙ። "ቅስና የሌለው ምእመን ጋኔንን 'ውጣ' ብሎ ማዘዝ ይችላል እንዴ? አባ ሳሉ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማንም።"

"አባ ሳሉ ጋኔን መቼ መጣብን?" አለ ያረጋል።

"ቢሆንስ። ያልተፈቀደለት ሰው ሲያዘው ጋኔኑ ይንቀዋል ይባላል። ንቆህ ቢሆንስ የቆየው?"

ያረጋል ቀላ። አንዱ ምእመን ለጥምቀት የበቃ ሰው ሁሉ ማዘዝ ይችላል አለ። ሌላው የሚቻለው የቅዱስ ሚካኤልን ጸሎት በአማርኛ ማድረስ ብቻ ነው አለ። ሦስተኛው በላቲን ከሆነ ማንም ቢለው ይሠራል፤ ኃይሉ ያለው ቋንቋው ላይ ነው ብሎ ተከራከረ። ነገሩ እየጋለ ሲሄድ ከመደቡ ላይ "አምጡ" የሚል ትንፋሽ ተሰማ።

"ዝም በል፣ ባንተ ጉዳይ ላይ ነን" አለው አለሙ።

አሰፋሽ ወጥ ቤት ገብታ በጥርሷ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። የነከሰችው ላለማልቀስ ሳይሆን ላለመናገር ነበር።

በመጨረሻ ነገሩ ለጣሊያኑ ቄስ ለአባ ጃኮሞ ይቅረብ ተባለ። አባ ጃኮሞ የመንገድ ሠራተኛውን ካምፕ የሚያገለግሉ፣ ጺማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ ወፍራም ሰው ናቸው። በካሚዮን መጡ። አማርኛ የተማሩት ከመጽሐፍ ስለነበር ንግግራቸው ሁሉ አዋጅ ይመስላል። አዳነን አንድ ጊዜ አዩት፤ ቀጥለው ያረጋልን ሰሙት፤ ያረጋል ላይ ብዙ ቆዩ።

"ሕጉ ግልጥ ነው" አሉ። "ምእመን ሁሉ ከክፉ አድነን ብሎ እግዚአብሔርን ይለምን። የቅዱስ ሚካኤልንም አማላጅነት ይለምን። ይህን የሚከለክል የለም። ነገር ግን ምእመን ጋኔንን አያዝዝም፤ አይጠይቅም፤ ከእርሱም ጋር ንግግር አይገጥምም። ይህ የካህን ሥራ ነው፤ የካህንም ብቻ አይደለም፤ የአቡኑ የጽሑፍ ፈቃድ ያለው ካህን ሥራ ነው።"

"እርስዎስ ፈቃድ አለዎት?" አለ አለሙ።

"የለኝም። አዲስ አበባ እጽፋለሁ።"

ያረጋል መሬት መሬት አየ። አለሙ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። አሰፋሽ ከማጀት ብቅ ብላ ከአባ ፊት እጅ ነሣች። በሕይወቷ ቄስ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው።

"አባ፣ እስከዚያ ወንድሜ ይብላ?"

አባ ጃኮሞ አሰቡ።

"ሕመምተኛ ከጾም ነጻ ነው" አሉ። "ሕመምተኛ ከሆነ ይብላ። ነገር ግን ጋኔን ከሆነ ጾም ይረዳል። እንግዲህ ጋኔን ነው ወይስ ሕመም? ይህን መለየት የእኔ ሥልጣን አይደለም።"

"የማነው?"

"የአቡኑ።"

"አቡኑ ሳያዩት?"

"በጽሑፍ ይገለጥላቸዋል" አሉ አባ ጃኮሞ፣ በትዕግሥት።

ያረጋል ያየውን ለመመስከር አብሯቸው ካምፕ ይሂድ ተባለ። ካሚዮን ላይ ሲወጣ ውርደቱ ሁሉ ጠፋለት፤ ሕዝቡ እንዲያየው ከሾፌሩ ጎን ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ሲጠርግ የሞተሩ ጩኸት ዋጠበት።

አሰፋሽ አቧራው እስኪረግብ ደጅ ቆመች። ከዚያ ወደ ቤት ተመለሰችና አዛለችን ጠራቻት።

"ቅቤው አለ?"

"አለ።"

"አቅልጪው።"

"ቁርባንሽስ? ቤትሽስ?" አለች አዛለች። "ጋኔኑን አትጠይቁ ብለው የለ?"

"ብለዋል" አለች አሰፋሽ። "እኔ የምጠይቀው ወንድሜን ነው። እስከ ዛሬ እሱን የጠየቀ የለም፤ እኔንም ጨምሮ።"

ቆጮውን አድቅቃ ከተፈችው፤ በትኩስ ቅቤ አሸችው፤ ጎመኑን ጨመረችበት። የባሏን የእሑድ ጋቢ ከሳጥኑ አወጣች። ነጭ ጋቢ እሱ ብቻ ነበር ያለው። አዳነን ቀና አድርጋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችውና ጋቢውን በራሱ ላይ ጣል አደረገችለት።

"አዳነ" አለችው። "ምን ትፈልጋለህ?"

ከጋቢው ውስጥ መልስ አልመጣም። አሰፋሽ ፈራች፤ ምናልባት ዘግይታለች።

"እኔ ነኝ። ማንም አያይህም። ምን ላምጣልህ?"

"ራበኝ" አለ አዳነ። በራሱ ድምፅ ነበር፤ ቀጭንና የተሰበረ።

ጣባውን በጋቢው ሥር አስገባችለት። መጀመሪያ ቀስ አለ። አዛለች "በትንሽ በትንሹ፣ ሆዱ ደርቋል" እያለች እየቀነሰች ሰጠችው። ያን ቀን ጥቂት፣ በማግሥቱ ከዚያ በዛ ያለ፣ እንዲህ እያለ ጣባው ባዶውን ይወጣ ጀመር። አንድ ቀን ቀትር ላይ በጋቢው ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማና "ጠገብኩ" አለ። አሰፋሽ ይህን ቃል ከወንድሟ አፍ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች፤ እውነት ሆኖ የሰማችው ግን የዚያን ቀን ነው።

ከድሮ በአጥሩ በኩል ደጅ የተሰጣው ጋቢ ላይ የፈሰሰውን ቅቤ አየ።

"ይህ የመምህር ጋቢ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"ማሻ አላህ፣ አሁን ገና ለሰው ጠቀመ" አለና ወደ ቆዳው ተመለሰ።

ያረጋል ካምፕ ውስጥ ምስክርነቱን ሲሰጥና ጾሙን በአባ ጃኮሞ ማኮሮኒ ሲጾም ሰነበተ። ፋሲካ አልፎ የተመለሱት አብረው ነው። አባ ጃኮሞ ከካሚዮኑ ሲወርዱ አንገታቸው ላይ የክህነት ልብሳቸውን አድርገዋል፤ በአንድ እጃቸው የተባረከ ውሃ፣ በሌላው ትልቅ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘዋል። ምእመናኑ ሁሉ ግቢውን ሞሉት።

"ፈቃዱ መጥቷል" አሉ አባ። "ጋኔኑ የት አለ?"

አዳነ ከመሠረቱ ውስጥ ዶማውን ይዞ ቀና አለ።

አባ ጃኮሞ ወረቀቱን አዩ፤ አዳነን አዩ። ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። ያረጋል ቶሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

"የኔ ጸሎት ዘግይቶ ሠርቷል ማለት ነው" አለ።

"የትኛው ጸሎት?" አሉ አባ። "ያ ትእዛዝ? ያለ ፈቃድ ጋኔን አስወጥተሃል ማለት ነው? እንግዲያስ ቁልፉን ታስረክባለህ።"

"የለም የለም፣ አላስወጣሁም" አለ ያረጋል። "እኔ የለመንሁት እግዚአብሔርን ብቻ ነው።"

"ታዲያ ስንሰማ 'ስምህን ተናገር' ያልከው እግዚአብሔርን ነበር?" አለ አለሙ ከኋላ።

"አንተ ካልሆንህ ማን አስወጣው?" አሉ አባ ጃኮሞ።

ያረጋል ሚስቱን አየ። አሰፋሽ ዓይኗን አልሰበረችም። ባሏ ከልብሱ ሁሉ የሚወደውን፣ ቅቤ የጠጣውን ጋቢ በገመድ ላይ አስጥታዋለች፤ እሱም አየው። ምን እንደተደረገ ገባው። ቢናገር ጋኔኑ የወጣው በቅቤ ነው ማለት ይሆናል፤ ያረጋል ደግሞ በቅቤ ከሚሸነፍ ጋኔን ጋር ሲዋጋ የከረመ ሰው ሆኖ መታየት አልፈለገም።

"ራሱ ሄደ" አለ።

"አባ ደክሟቸዋል፤ መጀመሪያ እህል ይቅመሱ" አለች አሰፋሽ።

ለአባ ቆጮና ክትፎ አቀረበች። ለአዳነም፣ በሁሉ ሰው ፊት፣ የራሱን ጣባ ሰጠችው። አዳነ ጫፉን ቆርሶ "ጠገብኩ" አለ። አሰፋሽ ጣባውን አላነሣችውም።

አባ ጃኮሞ ግን ማንም ሳይለምናቸው በላ በላ አደረጉት። ጣባውን ጠረጉና "ጥሩ ነው፤ ይጨመር" አሉ። ተጨመረላቸው። ያንንም ጠረጉ። ጺማቸው ቅቤ ጠጣ። ምእመናኑ በድንጋጤ እርስ በርስ ተያዩ። በሰው ፊት እንዲህ የሚበላ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በዚያ ግቢ የማያውቅ አልነበረም።

አቶ አለሙ ወደ ያረጋል ጆሮ ጠጋ አለ።

"መምህር፣ እኚህንስ ማን ይጸልይላቸው? ፈቃዱ እንደሆነ እጃቸው ላይ ነው።"

ሌላው ምእመን ቀስ ብሎ ተነሣና ገመዱ ላይ የተሰጣውን ጋቢ አየት አደረገ። አሰፋሽ "ተዉ" በሚል ራሷን ነቀነቀች።

አዳነ አባን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ጣባውን ወደ ራሱ ሳበ። አንድ ጉርሻ ጎረሰ፤ ደገመ። ማንም ምንም አላለውም። ቀና ብሎ እህቱን አያት፣ ቀጠለ።

ያረጋል ብቻ ባዶ እጁን ተቀምጦ ነበር። በአባ ፊት ጨዋ ሆኖ ለመታየት መጀመሪያ ላይ "ጠገብኩ" ብሎ ነበር። አሰፋሽም ቃሉን አምናው የሱን ጣባ ለወንድሟ ደገመችለት።